ማደሪያና አደራ
በእንግሊዝ አገር የወጣቶች ማደሪያ ቤቶች ምዝገባ ላይ የቀረበ ሒስ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእንግሊዝ አገር ከ2023 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውን የማደሪያ ቤቶች ምዝገባ ደንብ መመርመር፣ ደንቡም ሊጠብቃቸው የታሰቡትን ወጣቶች በእውነት ይጠብቃቸው እንደ ሆነ መጠየቅ ነው። ደንቡ የወጣላቸው ዕድሜያቸው 16 ወይም 17 ዓመት የሆነ፣ ወላጅ የሌላቸው ወይም ወላጆቻቸው ሊያሳድጓቸው ያልቻሉ፣ በዚህም ምክንያት የአካባቢው ምክር ቤት ኀላፊነት የወሰደላቸው ልጆች ናቸው። ስለ እንግሊዝ አገር በምናወሳበት ቦታ ሁሉ ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ነገሩ የሩቅ አገር ጕዳይ ቢመስልም ሁለት ምክንያቶች ወደ እኛ ያቀርቡታል። የመጀመሪያው፣ ያለ ወላጅ ብቻቸውን እንግሊዝ አገር ገብተው ጥገኝነት ከሚጠይቁት ወጣቶች መካከል ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ መኖራቸውና፣ አብዛኞቹ ጠያቂዎችም በዚሁ በ16 እና በ17 ዓመት ዕድሜ ላይ የሚገኙ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ በየትም አገር ቢሆን አንድ ችግር በመዝገብ ላይ በሰፈረ ጊዜ መፍትሔ እንዳገኘ አድርጎ የመቍጠር ልማድ መኖሩ ነው። ሕግንና አስተዳደርን የምናጠና ተማሪዎች ይህን ልማድ ጠንቅቀን ማየት ይገባናል።

1. ከደንቡ በፊት የነበረው ሁኔታ

በ1989 የወጣው የእንግሊዝ የልጆች ሕግ 18 ዓመት ያልሞላውን ሰው ሁሉ ልጅ ይለዋል። የአካባቢ ምክር ቤቶችም አሳዳጊ ያጣውን ልጅ ተቀብለው እንዲያኖሩ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በ2000 የወጣው የእንክብካቤ ደረጃዎች ሕግ ደግሞ፣ ለልጆች «እንክብካቤና ማደሪያ» የሚሰጥ ቤት ሁሉ የልጆች ቤት ስለሚባል መመዝገብ አለበት፤ ሳይመዘገብ ቢሠራ ባለቤቱ በወንጀል ይጠየቃል ይላል።

በእነዚህ ሁለት ሕጎች መካከል ግን ቀዳዳ ነበረ። ይኸውም አንድ ቤት ማደሪያና «ድጋፍ» እንጂ «እንክብካቤ» አልሰጥም ካለ ከምዝገባው ግዴታ ውጭ ይሆን ነበር። ስለዚህ ክፍል የሚያከራይ ሰው፣ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እየመጣ ወጣቱን የሚጠይቅ ሠራተኛ ቢቀጥር፣ ከምክር ቤቱ ጋር ተዋውሎ የ16 ዓመት ልጅ ሊያሳድር ይችል ነበር። ቤቱን የሚመረምር የመንግሥት ተቈጣጣሪ አልነበረም፤ ባለቤቱም ለሥራው የተገባ ሰው መሆኑን አስቀድሞ የሚያጣራ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

በሴፕቴምበር 2020 የእንግሊዝ የልጆች ኮሚሽነር ስለ እነዚህ ቤቶች ሪፖርት አውጥተው፣ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ሁሉ ቍጥጥር በሌለበት ቤት እንዳይቀመጥ ጠየቁ። መንግሥት ከጥያቄው ግማሹን ብቻ ተቀበለ። ከሴፕቴምበር 9 ቀን 2021 ጀምሮ 16 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በእንዲህ ያለ ቤት ማስቀመጥ ተከለከለ። ለ16 እና ለ17 ዓመቶቹ ግን ክልከላው ቀርቶ ምዝገባ ተመረጠላቸው። አርቲክል 39 የተባለው የልጆች መብት ድርጅት ይህን ልዩነት በመቃወም ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ያቀረበው አቤቱታ በ2022 ውድቅ ሆነ።

2. የምዝገባው ሥርዓት

በ2023 የወጣው ደንብ የምዝገባውን ሥራ ኦፍስቴድ ለተባለው መሥሪያ ቤት ሰጠ። ኦፍስቴድ በ1992 ትምህርት ቤቶችን እንዲመረምር የተቋቋመ ሲሆን፣ የልጆች ቤቶችን የመቈጣጠር ሥልጣን የተጨመረለት በ2007 ነው። ማመልከቻ መቀበል የተጀመረው በኤፕሪል 28 ቀን 2023 ነበር። እስከ ኦክቶበር 28 ቀን 2023 ድረስ የተሟላ ማመልከቻ ያላቀረበ ድርጅት ከዚያ በኋላ ወጣት ቢያሳድር ጥፋተኛ ይሆናል።

አመልካቹ ማን እንደ ሆነ፣ ሥራውን በየዕለቱ የሚመራው ኀላፊ ማን እንደ ሆነ፣ ቤቶቹ የት የት እንደሚገኙ ማስታወቅ አለበት። ለምን ዓይነት ወጣቶች ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጥም በዓላማ መግለጫው መዘርዘር አለበት። ባለቤቱና ኀላፊው የወንጀል መዝገባቸው ይመረመራል፤ ለሥራው የተገቡ መሆናቸውም በጥያቄ ይፈተናል። ማደሪያዎቹ በአራት ዓይነት ተከፍለዋል። እነርሱም አንድ ወጣት ለብቻው የሚኖርበት የተሟላ ቤት፣ በምክር ቤት ኀላፊነት ሥር ላሉና ከዚያው ለወጡ ወጣቶች ብቻ የተለየ የጋራ ቤት፣ ሌሎች ሰዎችም የሚኖሩበት የጋራ ቤት፣ በመጨረሻም በግለሰብ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ማደሪያ ናቸው። ሁሉም የሚመዘኑት በአራት መለኪያዎች ነው፤ በአመራር፣ ልጆችን ከጕዳት በመጠበቅ፣ በቤቱ ሁኔታና በሚሰጠው ድጋፍ። ድርጅቱ ቢያንስ በየ6 ወሩ የራሱን አገልግሎት ገምግሞ ሪፖርት ይጽፋል። የኦፍስቴድ ምርመራ የተጀመረው በሴፕቴምበር 2024 ነው።

ለዚህ ሥርዓት የሚገባውን ምስጋና መንፈግ ተገቢ አይሆንም። ቀድሞ አንድ ወጣት በደል ቢደርስበት አቤት የሚልበት ተቈጣጣሪ አልነበረውም፤ ዛሬ አለው። ቀድሞ ባለቤቱ ስሙን ሳያስመዘግብ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ስሙ፣ አድራሻውና ኀላፊነቱ ይታወቃል። ደንቡን የጣሰ ድርጅት ምዝገባው ሊሰረዝበት ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ የምንሰነዝረው ሒስ የቀድሞው ሁኔታ ይሻል ነበር ለማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን።

3. «ድጋፍ» እና «እንክብካቤ»

የመጀመሪያው ሒሳችን ደንቡ በተመሠረተበት ቃል ላይ ነው። ከላይ ያየነው ቀዳዳ የተከፈተው ሕጉ «እንክብካቤን» ከ«ድጋፍ» በመለየቱ ነበር። አዲሱ ደንብ ቀዳዳውን ደፍኖታል ይባላል፤ ነገር ግን ልዩነቱን አላጠፋውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ከልዩነቱ ወዲያ ማዶ ያሉትን ቤቶች በሌላ መዝገብ ማስፈር ነው። የልጆች ቤት በ2015 ደንብ መሠረት በ9 መለኪያዎች ሲመዘን፣ የወጣቶች ማደሪያ በ4 ይመዘናል። የልጆች ቤት ከባለቤቱ ነጻ የሆነ ሰው በየወሩ እየመጣ እንዲጐበኘው ግዴታ አለበት፤ በማደሪያው ላይ ይህ ግዴታ አልተጣለም። ሠራተኛ ሌሊቱን በቤቱ ውስጥ እንዲያድርም ደንቡ ሁሉንም ማደሪያ አያስገድድም።

መንግሥት ለዚህ ልዩነት የሚሰጠው ምክንያት፣ ማደሪያው ራሱን ለመቻል ለተዘጋጀ ወጣት ብቻ የታሰበ ነው፤ እንክብካቤ የሚያስፈልገው የ16 ዓመት ልጅ ወደ ልጆች ቤት መላክ አለበት የሚል ነው። በወረቀት ላይ ሲነበብ ነገሩ ትክክል ይመስላል። ዳሩ ግን የልጆች ቤት ቦታ በእንግሊዝ አገር እጅግ አነስተኛ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጁላይ 2021 በወሰነው አንድ ጕዳይ፣ የተመዘገበ ቦታ ፈጽሞ ሲታጣ ፍርድ ቤት ልጅን ባልተመዘገበ ቤት ውስጥ ነጻነቱ ተገድቦ እንዲቀመጥ ሊፈቅድ እንደሚችል ተቀብሏል፤ በቦታ እጥረቱም ዳኞቹ ከባድ ሥጋት እንዳደረባቸው ገልጸዋል። እንግዲህ ቦታ በታጣበት አገር፣ ልጁ የሚያስፈልገው እንክብካቤ ነው ወይስ ድጋፍ ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱ ከልጁ ሁኔታ ይልቅ በዚያን ዕለት ባዶ ሆኖ ከተገኘው አልጋ እንዳይመጣ ምን ይከለክለዋል?

ይህ ጥያቄ ለእንግሊዝ ሕግ አዲስ አይደለም። በሜይ 2009 የጌቶች ምክር ቤት በሳውዝዋርክ ምክር ቤት ጕዳይ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ ቤት ያጣን የ17 ዓመት ልጅ ጣሪያ ብቻ እንደ ቸገረው ሰው ቈጥሮ ወደ ቤቶች ክፍል መምራት እንደማይገባ፣ በልጆች ሕግ ኀላፊነት ሊወሰድለት እንደሚገባ ወስኗል። የፍርዱ መንፈስ ግልጽ ነው። ለልጅ ማደሪያ መስጠት ማለት ኀላፊነት መውሰድ ማለት ነው። የ2023ቱ ደንብ ግን ማደሪያውን ከነኀላፊነቱ ሳይሆን ከተቀነሰ ኀላፊነት ጋር መዝግቦታል።

በእኛ ቋንቋ ማደሪያ፣ አሳዳሪና አደራ ሦስቱም «አደረ» ከሚለው አንድ ሥር የወጡ ናቸው። በቤተሰብ ሕጋችንም 18 ዓመት ያልሞላው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ይባላል፤ አሳዳሪ ተብሎ የሚጠራውም የልጁን ደኅንነትና አስተዳደግ የሚጠብቀው ሰው ነው። ቃል ብቻውን ልጅ አያሳድግም፤ ይህን ያልነው የእኛ አሠራር ከእነርሱ ይበልጣል ለማለት አይደለም። ነገር ግን ልጅን ማሳደር ያለ አደራ ሊታሰብ እንደማይችል ቋንቋችን ያስታውሰናልና፣ የእንግሊዙ ደንብ የት ላይ እንደ ሳተ ለማየት ይረዳናል።

4. ቤቱ ወይስ ባለቤቱ?

ሁለተኛው ሒሳችን የተመዘገበው ነገር ምንድን ነው የሚል ነው። የልጆች ቤት እያንዳንዱ ለብቻው ይመዘገባል፤ ቢያንስ በየዓመቱም ይመረመራል። በማደሪያው ደንብ ግን የሚመዘገበው ድርጅቱ ነው። አንድ ድርጅት ብዙ ቤቶች ቢኖሩት ሁሉንም በአንድ ምዝገባ ሥር ይዞ ይሠራል። ምርመራውም በተለመደው አሠራር በ3 ዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን፣ መርማሪዎቹ ከድርጅቱ ቤቶች መካከል ጥቂቶቹን መርጠው ያያሉ።

እዚህ ላይ የዕድሜውን ስሌት ማስታወስ ያስፈልጋል። በ16 ዓመቱ ወደ ማደሪያው የገባ ልጅ በ2 ዓመት ውስጥ 18 ይሞላዋል። ምርመራው በየ3 ዓመቱ ከሆነ፣ ልጁ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ አንድም መርማሪ ቤቱን ላያይ ይችላል። መርማሪው በመጣም ጊዜ ከብዙ ቤቶች መካከል የእርሱ ቤት ላይመረጥ ይችላል። በግማሽ ዓመቱ ግምገማ ልጁ አስተያየቱን ይጠየቅ ይሆናል፤ ግምገማውን የሚጽፈው ግን ራሱ የሚገመገመው ድርጅት ነው። ይህ ማለት የቤቱን ጕድለት ለመግለጥ የሚቀረው መንገድ የልጁ አንደበት ወይም ከምክር ቤቱ አልፎ አልፎ የሚመጣው የማኅበራዊ ጕዳይ ሠራተኛ ነው ማለት ነው። ቋንቋውን ገና ያልለመደ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ያልተወሰነለት የባዕድ አገር ልጅ የሚያሳድረውን ሰው ይከሳል ብሎ መጠበቅ ደግሞ አስቸጋሪ ነው።

በዚህ ላይ የመሸጋገሪያው ጊዜ ጕዳይ ይጨመራል። ማመልከቻውን በጊዜው አሟልቶ ያቀረበ ድርጅት ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ሥራውን እንዲቀጥል ተፈቅዶለታል። ይህ ባይፈቀድ ኖሮ ብዙ ወጣቶች በአንድ ቀን ማደሪያ ያጡ እንደ ነበር አይካድም። ሆኖም ማመልከት እንደ መመዝገብ፣ መመዝገብም እንደ መመርመር ተቈጥሮ ስንት ወራት እንደሚያልፍ ለሚያስብ ሰው፣ የመዝገቡ ስምና የመዝገቡ ሥራ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይታየዋል።

5. ከመዝገቡ ውጭ የቀሩት

ሦስተኛው ሒሳችን ከሁሉ የከበደ ነው። የመጀመሪያው ማስረጃችን የመንግሥቱ የራሱ አሠራር ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የአገር ውስጥ ጕዳይ ሚኒስቴር ብቻቸውን የመጡ ጥገኝነት ጠያቂ ልጆችን በሆቴሎች ያስቀምጥ ነበር። በግል ቤት ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ቍጥጥር እንዳይቀመጥ በተከለከለበት በዚያው ዓመት ማለት ነው። ሆቴሎቹ እንደ ልጆች ቤት አልተመዘገቡም። በጃንዋሪ 2023 ኀላፊው ሚኒስትር ለፓርላማ ሲያስታውቁ፣ ከሆቴሎቹ ከጠፉት ልጆች መካከል 200 ያህሉ እስከዚያ ቀን ድረስ አልተገኙም ነበር፤ አብዛኞቹ የአልባንያ ተወላጆች ነበሩ። በጁላይ 2023 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ልጆችን በሆቴል የማስቀመጡ አሠራር ልማድ መሆኑ ከሕግ ውጭ ነው ሲል ፈረደ። ሆቴሎቹ በ2024 መጀመሪያ ተዘጉ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። ግለሰቡን ሳትመዘገብ ልጅ አታሳድር ብሎ በወንጀል የሚጠይቅ መንግሥት፣ ራሱ ሲያሳድር ከመዝገቡ ውጭ ቆሞ ነበር።

ሁለተኛው ማስረጃ የአገራችንን ልጆች በቀጥታ የሚነካው የዕድሜ ጕዳይ ነው። መዝገቡ የሚጠብቀው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው። መታወቂያ የሌለው ወጣት ግን ልጅ መሆኑን አስቀድሞ ማሳመን አለበት። መልኩ ከ18 ዓመት በብዙ የሚበልጥ ይመስላል ብለው የመግቢያ በር ሠራተኞች ከወሰኑበት፣ እንደ ዐዋቂ ተቈጥሮ ከማያውቃቸው ዐዋቂዎች ጋር እንዲያድር ይደረጋል። የእኛ ዘመን አቈጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚያንስ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በመስከረም መጀመሪያ 2000 ዓ. ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቈጣጠር የተወለደው በሴፕቴምበር 2007 ነውና፣ በኦክቶበር 2023 ዕድሜው 16 ነበር። የተወለድኩት በ2000 ነው ብሎ ሲናገር ጸሐፊው ሳይለውጥ እንደ ሰማው ቢጽፈው ግን የ23 ዓመት ሰው ይሆናል። በአንድ የቍጥር ስሕተት ልጁ ከደንቡ ጥበቃ በሙሉ ይወጣል። ያኔ የቤቱ አራት መለኪያዎች፣ የባለቤቱ ምርመራ፣ የኀላፊው ፈተና ሁሉ ለእርሱ እንዳልተጻፉ ይቈጠራሉ።

6. ሊቀርብ ስለሚችል ተቃውሞ

ለደንቡ የሚከራከር ሰው እንዲህ ሊለን ይችላል። ግዴታው ቢከብድ ትንንሾቹ ድርጅቶች ሥራቸውን ይተዋሉ፤ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በመጨረሻም ወጣቱ መንገድ ላይ ያድራል። ደግሞም ብዙዎቹ የ17 ዓመት ወጣቶች እንደ ሕፃን መጠበቅን አይወዱም፤ ቍልፍ በእጃቸው እንዲሆን፣ ምግባቸውን ራሳቸው እንዲያበስሉ ይፈልጋሉ።

ተቃውሞው ክብደት አለው። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። ወጣት ራሱን እንዲችል ማስተማርና ወጣትን ለራሱ መተው አንድ አይደሉም። በየወሩ ከባለቤቱ ነጻ የሆነ ሰው ቤቱን ቢጐበኝ የወጣቱን ቍልፍ አይቀማውም። የቦታ እጥረት ደግሞ የመለኪያው ዝቅ ማለት ሰበብ ሊሆን አይገባም፤ እጥረቱን የማስወገድ ግዴታ የመንግሥትና የምክር ቤቶቹ እንጂ የልጁ አይደለምና። የእህል እጥረት ሲመጣ ሚዛኑን መቀነስ እጥረቱን እንደማያስወግድ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመረመረው ነገር የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። ምዝገባ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ የሚጠብቀው ግን በትርጕሙ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። ትርጕሙ «ድጋፍ» ካለ ድጋፍ ብቻ ይመረመራል፤ «ድርጅት» ካለ ቤቱ ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ «18 ዓመት ያልሞላው» ካለም ዕድሜው በስሕተት የተጻፈበት ልጅ ደጅ ይቀራል።

ስለዚህ አራት ነገሮች ቢታረሙ ደንቡ ከስሙ ጋር ይስማማል ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ የ16 እና የ17 ዓመት ልጅ በማደሪያም ቢቀመጥ የሚያስፈልገውን እንክብካቤ የማግኘት መብቱ በመለኪያዎቹ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቤት ልጅ ከማደሩ በፊት ይታይ፤ ከዚያም በኋላ ነጻ ጐብኚ በየወሩ ይሂድበት። ሦስተኛ፣ መንግሥት ራሱ ልጅ ሲያሳድር ለግለሰቡ ባወጣው ደንብ ይገዛ። አራተኛ፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሚመጣ ወጣት ዕድሜውን ሲጠየቅ በየትኛው አቈጣጠር እንደ ተናገረ በቅድሚያ ይጣራ፤ መልሱም ከነአቈጣጠሩ ይጻፍ።

ይህ የመጨረሻው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አማርኛና ትግርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚና የሁለቱን ዘመናት ልዩነት የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ይበቃዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችንም በአስተርጓሚነት ሲቀርቡ፣ ቍጥሩን እንደ ሰሙት ከማስተላለፍ ይልቅ በየትኛው ዘመን እንደ ሆነ ጠይቀው ቢያስረዱ፣ አንድን ልጅ ወደሚገባው መዝገብ ለማስገባት ይበቃሉ።